ከአቅም በላይ

«እግዚአብሔር የማይችሉትን አይሰጥም።» ይህ ቃል ለቅሶ ቤት ይሰማል፤ ሆስፒታል ደጃፍ ላይ ይሰማል፤ ሥራ አጥታ ሦስት ልጅ ለምታሳድግ እናትም፣ አልጋ ላይ የዋለ አባቱን ለዓመታት ለሚያስታምም ወጣትም ይባላል። አንዳንዱ «ለትከሻህ የማይመጥን አይጭንብህም» ይላል፤ ሌላው «አንቺ ጠንካራ ስለሆንሽ ነው የሰጠሽ» እስከ ማለት ይደርሳል። ይህን የሚናገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደግ ሰው ነው። የሚለው ሲጠፋው፣ ዝም ማለትም ሲከብደው፣ በእጁ ያለችውን ብቸኛ መጽናኛ ያቀብላል። ስለዚህ ቃሉን መመርመር ተናጋሪውን መውቀስ አይደለም። ቃሉ ግን ስለ እግዚአብሔርም ስለ ሰውም ትልቅ ነገር ይናገራል፤ መከራ ሁሉ የተቀባዩ ጉልበት ታይቶ፣ በሚዛን ተለክቶ የሚታደል ነው ይላል። እኔ ይህ እውነት ነው ብዬ አላምንም። ቅዱሳት መጻሕፍት አይደግፉትም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ያቆዩልን የለቅሶና የመረዳዳት ሥርዓትም ቢሆን የቆመው ሰው ከአቅሙ በላይ ይደርስበታል በሚል ተቃራኒ እምነት ላይ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ ሲባል ብዙ ክርስቲያን የሚጠቅሰው ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 10 ቁጥር 13ን ነው። እዚያ ጳውሎስ እግዚአብሔር ፈተናው ከአቅም እንዲያልፍ እንደማይተው፣ መውጫውንም አብሮ እንደሚያዘጋጅ ይናገራል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ያነበበ ሰው ግን ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ በፊት የተዘረዘሩት እስራኤል በምድረ በዳ የሠሯቸው ኃጢአቶች ናቸው፤ ጣዖት ማምለክ፣ ዝሙት፣ ማጉረምረም። ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ትእዛዝም ከጣዖት አምልኮ ሽሹ የሚል ነው። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች በጣዖት ቤቶች መካከል የሚኖሩ፣ ለጣዖት ከታረደ ሥጋ ጋር በየገበያውና በየግብዣው የሚፋጠጡ ሰዎች ነበሩ። ተስፋው እንግዲህ ማንም ተገዶ ኃጢአት አይሠራም፣ እምቢ የሚልበት በር ሁልጊዜ ክፍት ነው የሚል ነው። ይህ ታላቅ ተስፋ ነው። የልጅ ሞት፣ የካንሰር ሕመም ወይም የቤት መቃጠል ግን ወደ ኃጢአት የሚጋብዝ ግብዣ አይደለም። ስለ አንዱ የተነገረውን ለሌላው ስናውለው ሐዋርያው ያላለውን እናስብለዋለን።

እንዲያውም ጳውሎስ ራሱ ስለ መከራ ምን እንዳለ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለዚያችው ለቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን በጻፈው በሁለተኛው መልእክት፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በእስያ የደረሰበትን ሲነግራቸው ከኃይሉ በላይ እንደከበደው፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ እንደደረሰ ይጽፍላቸዋል። ይህን የሚለው እምነቱ የላላ ሰው አይደለም። የመጀመሪያውን መልእክት የጻፈው ያው ሰው፣ ለዚያው ሕዝብ ነው ይህን ያለው። ሁለቱ ቃላት እርስ በርስ እንዳይጣሉ ከተፈለገ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ኃጢአት ፈተና፣ ሁለተኛው ስለ ኑሮ መከራ እንደተናገረ መቀበል። ጳውሎስ ያንን ሲጽፍላቸው ጥንካሬውን እንዲያደንቁለት አልጠየቀም፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ በጸሎት እንዲያግዙት ይጠይቃቸዋል።

ሙሴም እንዲሁ ነበር። በዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ሕዝቡ ሥጋ አምሮት ሲያለቅስ፣ ሙሴ ይህን ሁሉ ሕዝብ ብቻዬን ልሸከም አልችልም፣ እንዲህ ከሆነ ግደለኝ ብሎ ፈጣሪውን ይሟገታል። እግዚአብሔር «ትችላለህ፣ ባትችል አልሰጥህም ነበር» አላለውም። ሰባ ሽማግሌዎች ሰብስብ አለው፤ በሙሴ ላይ ከነበረው መንፈስ ወስዶ በእነርሱ ላይ አደረገ፤ ሸክሙን እንዲጋሩት። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን የኤልያስ ታሪክ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደው ነቢይ፣ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባና ክትክታ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። ተኛም። መልአኩ መጥቶ ዳሰሰው፤ ቀና ሲል ራስጌው ላይ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አገኘ። በልቶ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ለሁለተኛ ጊዜ ቀስቅሶ ብላ ሲለው የሰጠው ምክንያት መንገዱ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ነው። ይህን የሚለው ከሰማይ የተላከ መልእክተኛ ነው። ተግሣጽም የለበትም፤ ሰበብም የለበትም። አትችልም፣ ስለዚህ ብላ። ኤልያስ በዚያ ምግብ ኃይል አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ደረሰ። ከዚያም ብቻውን አልተተወም፤ የሚተካው ኤልሳዕ እንዲቀባ ታዘዘ።

የኤልያስን ታሪክ ልብ ያለ ሰው አንድ የተለመደ ስጋት ይቀልለታል። ሰውን «ይህ ከአቅምህ በላይ ነው» ብንለው ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ተስፋ ይቆርጣል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ፍርሃታቸውም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን ተስፋ ቆርጦ የነበረው ኤልያስ የተነሣው ከአቅምህ በላይ ነው ከተባለ በኋላ ነው። ሰው አቅሙ እንዳለቀ ሳይፈራ መናገር ሲችል እንጀራ ይቀበላል፣ እንቅልፍ ይተኛል፣ ሰው ይጠራል። ትችላለህ የተባለ ግን እንዴት ብሎ እርዳታ ይጠይቅ? መጠየቁ ራሱ የእምነት ጉድለት ሆኖ ይቆጠርበታል።

ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ተመሳሳይ መጽናኛ አለ፤ መሠረቱም የሱረቱል በቀራህ የመጨረሻው አንቀጽ፣ 286ኛው ነው። አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ እንደማያስገድድ ይነገራል። ይህ ቃል ከሃይማኖት ግዴታ ጋር ያለው ትስስር የጠበቀ ነው፤ ታማሚና መንገደኛ ከረመዳን ጾም ለጊዜው እንዲያርፉና በሌላ ቀን እንዲክሱ የተፈቀደው፣ መቆም ያቃተው ተቀምጦ እንዲሰግድ የተፈቀደው በዚሁ መንፈስ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የልጁን ጤናና ጉልበት አይቶ ነው፤ አራስና ሕመምተኛ ላይ የጾም ቀንበር አይጠብቅም። ፈጣሪ ከሰው የሚጠይቀው በአቅም ልክ ነው የሚለውን ሁለቱም ሃይማኖቶች ያውቁታል። ነገር ግን ከሰው የሚጠየቀው ሌላ፣ በሰው ላይ የሚደርሰው ሌላ ነው። ለዚህ ማስረጃው ያው አንቀጽ ነው፤ ሲዘጋ ወደ ጸሎት ይለወጣልና፣ ጌታችን ሆይ የማንችለውን አታሸክመን የሚል ልመና ይገኝበታል። መድረሱ የማይታሰብ ነገር ቢሆን ኖሮ ልመናው ባላስፈለገ ነበር።

ከመጻሕፍት ወጥተን ዓለምን ብናይም ቃሉ አይቆምም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው በጠሩት ዘመን፣ ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ ዝናቡ ቀርቶ፣ አንበጣውና ተምቹ እህሉን ጨርሶ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ሜዳ ላይ በብርድ ሌሊት ያለቁት እናቶችና ሕፃናት የደረሰባቸው የሚችሉት ነበር? ቻሉትስ? ቃሉ እውነት መስሎ የሚቆየው የሚመሰክሩለት የተረፉት ብቻ ስለሆኑ ነው። ከመከራ የወጣ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ «ለካ እችለው ነበር» ይላል፤ ሸክሙ ሥር የቀረው ግን ቀርቶ የመልስ ቃል የለውም። ራሱን ያጠፋው፣ አእምሮው የታወከው፣ ቤቱን ጥሎ የጠፋው ሰው በዚህ ቃል ፊት ምን ይሆናል? የማይችሉት የማይሰጥ ከሆነ እሱ እየቻለ ያልቻለ፣ ማለትም ሰነፍ ወይም እምነት የለሽ ይሆናል። መጽናኛ ተብሎ የወጣ ቃል እንዲህ አድርጎ የወደቀውን ይከስሳል። ቃሉን እንድንተወው የምለው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይመጣል። መከራው ከአቅም በላይ ነው ካልን እግዚአብሔርን ጨካኝ ማድረጋችን አይደለምን? ጥያቄው ከልብ የመነጨ ስለሆነ አቃልለን ልናልፈው አይገባም። እኔ ግን ጨካኝ የሚያደርገው በልክ ሰጠ የሚለው ሐሳብ ይመስለኛል። ያ ሐሳብ እያንዳንዱን ረሃብ፣ እያንዳንዱን ጥይት፣ እያንዳንዱን የሕፃን ሬሳ እግዚአብሔር በእጁ መዝኖ «ይህ ለእገሊት ይበቃታል» ብሎ እንዳደለው ያደርጋል። የሰው ክፋትና ቸልተኝነት የሠራውን ሁሉ ወደ ፈጣሪ ሚዛን ይጥላል። የኢዮብ መጽሐፍ ስለዚህ ነገር የሚያስተምረን ብዙ ነው። ሦስቱ ወዳጆቹ መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው መጡ፤ ሥቃዩ እጅግ እንደበዛ አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። እስከዚህ ድረስ እንከን የሌላቸው ለቅሶ ደራሾች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆሙ፤ የደረሰብህ ሚዛኑን የጠበቀ ነው ሊሉት ሞከሩ። በመጽሐፉ ፍጻሜ እግዚአብሔር የተቆጣው ቀኑን በረገመው፣ ሞትን በተመኘው፣ ፈጣሪውን ፍርድ ቤት ሊያቆም በፈለገው በኢዮብ ላይ አይደለም። የተቆጣው በጠበቆቹ ላይ ነው፤ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ። ሸክሙ ከበደኝ ብሎ የጮኸው ሰው ልክ ተብሏል።

ክርስቲያን የሆነ ሰው ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነገር በዓይኑ ፊት አለው። በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት የጌታ የመከራ መንገድ ይነበባል፣ ይሰገድለታል። በዚያ መንገድ ላይ መስቀሉን የተሸከመ ሌላ ሰው አለ፤ ከገጠር ሲመጣ ተይዞ የተገደደ፣ ስምዖን የሚባል የቀሬና ሰው። ወንጌላዊው ማርቆስ የልጆቹን ስም ጭምር፣ እስክንድሮስና ሩፎስ ብሎ መዝግቦታል። በሥጋ የመጣው ጌታ ራሱ እስከ ጎልጎታ ድረስ ብቻውን አልተሸከመም። ገርፈውት፣ ደሙ ፈስሶ፣ ሰውነቱ ደክሞ ነበር፤ ወታደሮቹም ይህን አይተው ሌላ ትከሻ ፈለጉ። ስምዖን በፈቃዱ አልመጣም፤ ከመንገዱ ተይዞ ነው። ይህም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። እርዳታ ከፍቅር ብቻ እስኪመነጭ ቢጠበቅ ኖሮ በዚያ ቀን ማንም ባልመጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ሸሽተው ነበርና።

ይህን የስምዖንን ነገር ከሌላ ወገን ያወቀው የአገራችን እድር ነው። የእድርን መተዳደሪያ ደንብ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ቅጣት የሚል አንቀጽ እንዳለው ያስታውሳል፤ ቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ እስከ መሰረዝ ይደርሳል። ይህ ከውጭ ላየው ደረቅ ሕግ ይመስላል። ነገር ግን ሐዘን የደረሰበት ሰው በጎረቤቱ ስሜት መልካምነት ላይ እንዳይንጠለጠል ያደረገው ይኸው ደንብ ነው። ሰው ሞተ ሲባል ጥሩምባ ይነፋል፣ ወይም ዛሬ ዛሬ ስልክ ይደወላል። ወጣቶቹ ድንኳኑን ያቆማሉ፤ አግዳሚ ወንበሩ ይደረደራል፤ ከእድሩ ዕቃ ቤት ትልልቁ ብረት ድስት፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ወጥቶ ይመጣል። ንፍሮው ይቀቀላል። ጎረቤት እንጀራ በመሶብ፣ ወጡን በድስት ይዞ ይገባል፤ ሐዘንተኛዋ ምጣድ አትጥድም፣ ቡና አታፈላም፣ ውኃ አትቀዳም። መቃብሩን የሚያስቆፍር፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚነጋገር ሌላ ሰው ነው። ሌሊት ብቻዋን አታድርም፤ ሴቶች ፍራሽ ዘርግተው አብረዋት ያድራሉ። በውጭ አገር፣ በዋሽንግተን ሳይቀር፣ ኢትዮጵያውያን እድር ያቋቋሙት አስከሬን ወደ አገር መላክ ወይም በሰው አገር መቅበር ለአንድ ቤተሰብ ስለሚከብድ ነው።

ይህ ሁሉ ዝግጅት የቆመው በምን እምነት ላይ ነው? ሐዘንተኛው ይችላል ብሎ የሚያምን ማኅበር ለምን ድንኳን ይገዛል? እድርን ያቆሙት ሰዎች የነገረ መለኮት ክርክር አላደረጉ ይሆናል፤ ስለ ሰው ጉልበት ግን ከብዙ ስብከት የጠራ ግንዛቤ ነበራቸው። ለሐዘንተኛ የሚሉትም ቃል ከዚሁ ጋር ይስማማል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላሉ። ይህ ልመና ነው። ጽናቱ ገና እንደሚመጣ፣ ከሰማይም እንደሚለመን ያውቃል፤ ሐዘንተኛው ጽናቱን ይዞ እንደተወለደ አይቆጥርም። «የማይችሉትን አይሰጥም» ግን ፍርድ ነው፤ ከተናገሩት በኋላ የሚለመንም የሚሠራም ነገር አይተውም። ቃሉ ራሱን ከልመናም ከሥራም ነፃ አውጥቶ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቃሉን በገዛ ሕይወታቸው ፈትነው ያገኙት ሰዎች ሊቃወሙኝ ይችላሉ። በሕመም አልጋ ላይ ሆና «ጌታ የማልችለውን አልሰጠኝም» የምትል ሴት ውሸቷን ነው ልላት ነው? በፍጹም። ሰው ስለ ራሱ ሲናገረው ምስክርነት ነው፤ ማንም የመንካት መብት የለውም። ያንኑ ቃል ጤነኛው ለታማሚው፣ የጠገበው ለተራበው ሲናገረው ግን የሌላውን ሰው ኑዛዜ እንደ መናዘዝ ነው። ሌላ ተቃዋሚ ደግሞ ይበልጥ ረቂቅ ነገር ያነሣል፤ ጎረቤቱም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ስለዚህ ጎረቤት ከተቆጠረ ሸክሙ ልክ ይመጣል ይላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው። ይህን እቀበላለሁ፤ ደስ ብሎኝም እቀበላለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ቃሉ ስለ ተናጋሪው መሆኑን መርሳት የለብንም፤ ከሃምሳው ሎሚ አንዷን ያላነሣ ሰው የመናገር መብት አይኖረውም። በዚያ ላይ የማይከፋፈል ሸክም አለ። የልጅ ሞት ለሃምሳ ሰው ተከፍሎ ጌጥ አይሆንም። እድር ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል ሐዘኑን ራሱን ለመሸከም የማይሞክረው፤ በሐዘኑ ዙሪያ ያለውን፣ ምጣዱን፣ ውኃውን፣ መቃብሩን፣ ሌሊቱን ይሸከማል።

ቃሉ በለቅሶ ቤት ብቻ ቢቀር ኖሮ ጉዳቱ ውስን በሆነ። ግን ወደ ኑሮ ይገባል። ቻይ መሆን በአገራችን በተለይ ለሴት ትልቅ ምስጋና ነው፤ «ቻይ ናት» የተባለች ሴት ላይ ደግሞ ሸክም መጨመር ይቀልላል። ከእንጦጦ ጫካ ወደ አዲስ አበባ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ እናቶች የጀርባቸው ክምር ከራሳቸው ክብደት የሚተናነስ አልነበረም፤ መሬት ተቀምጠው ገመዱን ደረታቸው ላይ ካሰሩ በኋላ ሌላ ሴት ገፍታ ካላነሣቻቸው መቆም አይችሉም ነበር። ጥንካሬያቸው ይደነቃል፤ አድናቆቱ ግን ማገዶን በዚያ መንገድ ማመላለሱ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ሲሸፍን ኖሯል። ዐረብ አገር የሄደች ልጅ የአባቷን ዕዳ፣ የወንድሟን ትምህርት፣ የቤቱን ቆርቆሮ አንድ ላይ ተሸክማ ስትደውል፣ «በርቺ፣ እግዚአብሔር የማትችይውን አይሰጥሽም» ስትባል፣ ሸክሙን የሰጣት እግዚአብሔር ነው ወይስ እኛ? ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ከባድ ሸክም አስረው በሰው ትከሻ ላይ የሚጭኑ፣ ራሳቸው ግን በጣታቸው እንኳ የማይነኩትን ሰዎች ሲወቅስ ስለ ሃይማኖት አስተማሪዎች ይናገር ነበር። የጫኑትን በፈጣሪ ስም እንደጫኑት ልብ ይሏል።

እድርም ቢሆን የሚጎድለው አለ፤ ልማዱን ማድነቅ ጉድለቱን እንዳናይ ሊያደርገን አይገባም። እድር የተበጀው ለሞት ነው። ሞት ቀን አለው፤ ጥሩምባ ይነፋለታል፤ ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው ተቆጥሮ ይታወቃል። የአእምሮ ሕመም፣ የልጅ የአካል ጉዳት፣ አልጋ ላይ የዋለ አዛውንት ግን ቀን የላቸውም። የሚያስታምመው ሰው ሦስተኛው ቀን አልፎ፣ አርባው አልፎ፣ ዓመቱ አልፎ ሸክሙ እንዳለ ነው፤ ድንኳንም አልተተከለለትም። የኤችአይቪ ወረርሽኝ በከፋበት ጊዜ አንዳንድ እድሮች ቀብር ብቻ እየቀበርን አንዘልቅም ብለው ሕመምተኞችንና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት ደንባቸውን አስፍተው ነበር። ይህ እንደሚቻል ያሳያል። ለሚያስታምሙ ሰዎችም እንዲሁ ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ሌሊት ሕመምተኛውን የሚጠብቅ አባል በተራ ቢመደብ፣ ተራውን የዘለለም እንደ ቀብር ቀሪ ቢቀጣ፣ «አልቻልኩም» የሚል ሰው ሳያፍር የሚያመለክትበት ቦታ ያገኝ ነበር። ደንቡን ለማሻሻል የጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይበቃል፤ በብዙ ሰፈር ያ ጉባኤ በእሑድ ጠዋት ይሰበሰባል።